ከትንሽ ጡረታ ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ የምኖር ሙስሊም ነኝ። ጎረቤታችን ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ክርስቲያን እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። የሚተዳደሩት በሟች ባላቸው ጡረታ ነው። ከዚያችው ላይ በየወሩ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ፤ ለቁልቢ ገብርኤልም ለብቻ የሚያስቀምጡት አላቸው። እኛ ዘካት አለን፤ መጠኑም ተቀባዩም የታወቀ ነው። የእነሱ ግን አልገባኝም። ክርስቲያኖች ለቤተ ክርስቲያናቸው ገንዘብ የሚሰጡት ለምንድን ነው? ግዴታ ነው? ባይሰጡስ ምን ይደርስባቸዋል? ገንዘቡስ የት ይገባል? እማማን ‹ይተዉት፣ ለራስዎ ይብሉበት› ብላቸው ነውር ይሆንብኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ለጎረቤትዎ ከማሰብ የመጣ መሆኑ ይታያል፤ እኔም ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክና አስተዳደር አስተምራለሁ፤ በሐረርም በድሬዳዋም አጥቢያውን በሚያስተዳድረው በሰበካ ጉባኤ የሒሳብ ቁጥጥር አገልግያለሁ። ስለዚህ የመጽሐፉን ቃል ብቻ ሳይሆን ሙዳየ ምጽዋቱ፣ የስጦታው ሣጥን፣ ሲከፈት የሚሆነውንም አውቃለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠው ገንዘብ የምንም ነገር ዋጋ አይደለም። የኃጢአት ስርየት አይገዛበትም፤ ጤና፣ ትዳር ወይም የውጭ አገር ጉዞ አይከፈልበትም። ምስጋና ነው፤ በዚያ ምስጋና የአምልኮው ቤት ይቆማል፣ አገልጋዩ ያድራል፣ ድኻው ይጎበኛል። በተግባር ይህ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱንም እነግርዎታለሁ። የሚበላሸውም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፤ ስጦታው ዋጋ መምሰል ሲጀምር።

በክርስትና ትምህርት ሰው የእኔ የሚለው ሁሉ ከእግዚአብሔር የተቀበለው ነው። ልጁ ሰሎሞን ለሚሠራው ቤተ መቅደስ ሕዝቡ ወርቅና ብር ሲያመጣ ያየው ንጉሥ ዳዊት የጸለየው ጸሎት በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 29 ተጽፏል፤ ያቀረብንልህ ከገዛ እጅህ የተቀበልነውን ነው ይላል። በመዝሙሩም እግዚአብሔር፣ ብራብም ለአንተ አልነግርህም፣ ዓለምና በእርሱ ያለው ሁሉ የእኔ ነውና ሲል እናነባለን። ስለዚህ እማማ ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡ አምላካቸው ጎድሎበት አይሞሉለትም። የባለቤታቸው የብዙ ዓመት ድካም፣ ከድካሙ የተረፈችው ጡረታ፣ ጤናቸውና ያሳደጓቸው ልጆች ከማን እንደመጡ በእጃቸው ይመሰክራሉ። «ይተዉት» ሲሏቸው እሳቸው የሚሰሙት «ማመስገን ይተዉ» የሚል ነው። የሚቆጡ ከሆነ የሚቆጡት ለዚህ ነው።

አሥራት፣ ማለትም ከገቢ አንድ አሥረኛውን መስጠት የሚባለው ልክ ከብሉይ ኪዳን የመጣ ነው። አብርሃም ከጦርነት ሲመለስ ለመልከ ጼዴቅ ካገኘው ሁሉ አሥራት ሰጠ። በኋላ በሙሴ ሕግ ምድሪቱ ለነገዶች ስትከፋፈል የሌዊ ነገድ የእርሻ ርስት አልተሰጠውም፤ ሥራው የመቅደሱ አገልግሎት ስለነበር የቀሩት ነገዶች አሥራት መተዳደሪያው ሆነ። ሌዋውያኑም በተራቸው ከተቀበሉት አሥራት ላይ አሥራት ያወጡ ነበር፤ ተቀባይ ስለሆነ ከመስጠት ነፃ የሚሆን ሰው አልነበረም። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ደግሞ የሦስተኛው ዓመት አሥራት በየከተማው ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡበት ያዝዛል። ከመጀመሪያው ሁለት ተቀባይ ነበሩት ማለት ነው፤ የመቅደሱ አገልጋይና ጦም አዳሪው።

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በየመድረኩ የሚጠቀሰው ትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ነው፤ «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» የሚለው። ጎተራው የእህል ጎተራ፣ የሚገባውም መብል መሆኑን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስተውሉት። በዚያው ምዕራፍ አምስት ቁጥር ከፍ ብሎ እግዚአብሔር የሚፈርድባቸው እነማን እንደሆኑ ተዘርዝሯል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀሩ፣ መበለቲቱንና ድኻ አደጉን የሚያስጨንቁ። ቁጥር 10ን ከፍ አድርጎ እያነበበ ቁጥር 5ን የሚያልፍ ሰባኪ ምእመናኑን ግማሽ መጽሐፍ ነው የሚያስተምረው።

ከዘካት ጋር ላነሡት ንጽጽር ይህን ልበል። ዘካት ወለል አለው፤ ከዚያ በላይ ሀብት ያለው ሰው ከአርባው አንድ እጅ ያወጣል፤ ተቀባዮቹም በቁርዓን ስምንት ወገን ተብለው ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት የመስጊድ ግንባታና ጥገና ከዘካት እንዲወጣ አይፈቅዱም፤ ያ በሰደቃ፣ በፈቃድ ምጽዋት፣ እና በወቅፍ፣ ለዘለቄታ በተሰጠ ሀብት፣ ይሸፈናል። 82 መስጊዶች ባሏት በሐረር ጁገል ለዚህ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግዎትም። በእኛ ዘንድ ግን እሑድ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትገባው ብር ሁለቱንም ሥራ እንድትሠራ ይጠበቃል፤ የድኻውንም የቤቱንም። ለዚህ ነው ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራ የሚያጋባው። በበኩሌ ሁለቱ በሒሳብ መዝገብ ተለይተው ቢያዙ እመርጣለሁ። ሲደባለቁ ጣሪያው ሁልጊዜ ድኻውን ይቀድመዋል፤ ጣሪያው ይታያል፣ የድኻው ጓዳ አይታይም።

ወደ አዲስ ኪዳን ስንመጣ የተቆረጠ መጠን የለም። ክርስቶስ ስለ አሥራት የተናገረው ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ ነው፤ ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት እያወጣችሁ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ተዋችሁ አላቸው፤ ያንንም ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር ሲል ጨመረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ክርስቲያኖች ከሌሎች ከተሞች መዋጮ ሲያሰባስብ፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን እንዲያስቀምጥ ጻፈ። በሌላው መልእክቱም «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» አለ። ጴጥሮስም መሬት ሸጦ ከዋጋው የደበቀውን ሐናንያን የወቀሰው አሳነስህ ብሎ አይደለም። ሳትሸጠውም ከሸጥኸውም በኋላ የአንተ ነበር፤ ለምን ዋሸህ ነው ያለው። መስጠቱ ፈቃድ ነበር፤ ጥፋቱ ውሸቱ ነበር።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ይህን እንዴት እንደኖሩበት ምስክር አለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ150 ገደማ ሮም ውስጥ የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ በእሑድ ጉባኤ ያላቸውና የፈቀዱ እንደ ልባቸው እንደሚሰጡ፣ የተሰበሰበውም በመሪው እጅ ተቀምጦ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ለንጉሠ ነገሥቱ አስረድቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በሰሜን አፍሪካ ካርታጎ የጻፈው ክርስቲያኑ ጠርጡልያኖስም፣ መዋጮው በወር አንድ ጊዜ እንደሆነ፣ ማንም እንደማይገደድ፣ ወጪውም ድኾችን መመገብና መቅበር፣ አባትና እናት የሌላቸውን ልጆች ማሳደግ እንደሆነ ይናገራል። «መቅበር» የሚለውን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን እማማ ለምን በየወሩ እንደሚከፍሉ። ይህ የአገራችን ታሪክ ነው፤ ዕድሜውም እንደሚታሰበው ረጅም አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው በመሬት ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል የለ? ካህኑ ለአገልግሎቱ የሚተዳደርበት የሰሞን መሬት ነበረው፤ ደብሩ ከአራሹ ገቢ የሚቀበልበት ጉልት ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ በራስ መኰንን ዘመን በዚህ አካባቢ የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ሥርዓት ውስጥ የገቡ ናቸው። በሥርዓቱ ምእመኑ በዓል ሲመጣ ጧፍና ዕጣን፣ ሲደሰት መባ፣ ሲሞትበት ተዝካር ያወጣል እንጂ የካህኑን ቀለብ በየወሩ የሚሸፍን አልነበረም። የጉልቱ ገቢ የሚመጣው ከሚያርሰው ገበሬ ነው። ገበሬውም ወድዶ የሚሰጠው አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ከአራሹ በግድ የተወሰደ እህልና መበለት በፈቃዷ የምትሰጣት ብር በእግዚአብሔር ፊት አንድ ናቸው ብዬ አላምንም።

ያ ዘመን በ1967 ዓ.ም. አበቃ። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ቤተ ክርስቲያኗ እርሻዋንም የኪራይ ቤቶቿንም አጣች። ደግነቱ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ተወስኖ ነበር። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ ምእመናንም ተመዝግበው የአባልነት መዋጮ እንዲያወጡ ማለት ነው። መሬቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኗን ያቆማት ይህ ነው። የእማማ የወር መዋጮ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ በዚህ ለውጥ አላዝንም። ጉልቱ ሲቀር ብዙ ቅርስና ብዙ ትምህርት ቤት ተጎድቷል፤ ምእመኑ ግን የቤቱ ባለቤት ሆነ። ባለቤት ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል።

ገንዘቡ የት ይገባል ላሉት፣ በየአጥቢያው ቢለያይም አብዛኛው የሚሄድበት የታወቀ ነው። አንድ ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። የሌሊቱን የሰዓታት ጸሎት ቆሞ የሚያድር፣ ማኅሌቱን፣ ዝማሬውን፣ የሚያቆም መሪጌታ፣ ጥበቃና ጽዳትም አሉ። እነዚህ ሰዎች የቤት ኪራይ አለባቸው፤ ልጆቻቸውም ደብተርና እርሳስ ይፈልጋሉ። ለቁርባኑ የሚሆነው ስንዴና ዘቢብ፣ መገበሪያ የምንለው፣ ከዚያም ዕጣን፣ ጧፍ፣ መብራትና ውኃ አለ። ከገቢው ለወረዳና ለሀገረ ስብከት የሚተላለፍ ድርሻም አለ፤ ከዚያ ላይ ራሳቸውን ያልቻሉ የገጠር አጥቢያዎች እንዲደጎሙ ነው የታሰበው። በገጠር ካህን የሚያሳድር ጠፍቶ በራቸው የተዘጋ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ቀሪው ለሕንፃ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለነዳያን ይውላል። ለነዳያን የሚተርፈው በብዙ ቦታ ያነሰ ነው፤ ይህ መስተካከል አለበት እላለሁ፤ በጉባኤም ብያለሁ። የጎደለውን የሚሞሉት ምእመናን በየተራ እየደገሱ የሚሰባሰቡባቸው ሰንበቴዎችና የጽዋ ማኅበራት ናቸው። እማማ ዝክር ሲኖራቸው ለእናንተ ቤት ጭምር ዳቦና ቆሎ ልከው ይሆናል፤ ያም ከስጦታቸው ይቆጠራል።

ካቶሊካውያንና ወንጌላውያን መንገዳቸው ትንሽ ይለያል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደ አቅሙ ለቤተ ክርስቲያን ፍላጎት እንዲረዳ ታዝዛለች፤ መቶኛ ግን አትቆርጥም። በሐረር የካፑቺን ሚስዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የከፈቱት መኖሪያ ባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን በሚልኩት ስጦታ ይረዳ ነበር። ወንጌላውያን ዘንድ አንድ አሥረኛ ጠንከር ብሎ ይሰበካል። የእነሱም ታሪክ የሚከበር ነው፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የውጭ ሚስዮናውያንን ሲያስወጣ የወላይታ አማኞች በራሳቸው እጅ አገልጋይ እያቆሙ፣ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ብዙ እጥፍ ሆነው ጠበቋቸው። በጀርመን ደግሞ መንግሥት ራሱ ከገቢ ግብሩ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን እየሰበሰበ ያስረክባል፤ መክፈል የማይፈልግ ከአባልነት መውጣቱን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስመዘግባል። ለመቅደሱ አገልግሎት የተረጋጋ ገቢ ያስገኛል፤ የመስጠትን ልብ ግን የሚያጎለብት አይመስለኝም።

ግዴታ ነው ወይ ላሉት፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አሥራት በኩራትን፣ አሥራቱንና የመጀመሪያውን ፍሬ፣ ማውጣት የክርስቲያን ግዴታ ነው ብላ ታስተምራለች። ሆኖም ገቢዎን የሚመረምር፣ ባለመስጠትዎ ከቅዳሴ የሚያስወጣዎት የለም። ቁርባንም ጥምቀትም ንስሐም ዋጋ የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም። ሲሞን የተባለው ጠንቋይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ የመለሰለት፣ ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ብሎ ነው።

ነገር ግን አንድ ቦታ አለ፤ በእውነት የሚያመኝ። ሰው ሲሞት ነው። የቀብር ቦታ ለማግኘት የሰበካ ጉባኤ የአባልነት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ያልተከፈለ መዋጮ ካለ ሬሳ ቤት ውስጥ እያለ ሐዘንተኛው ውዝፍ ሲያሰላ ይታያል። አስተዳደሩ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያንን የሚያስታውሳት ለቀብር ብቻ ነው። ምክንያቱ ቢገባኝም አሠራሩን አልቀበለውም። ያለው ሰው ውዝፉን ከሐዘኑ በኋላ ይክፈል፤ የሌለው ደግሞ በነፃ ይቀበር። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ገንዘብ ያዋጡ የነበረው ድኻን ለመቅበር መሆኑን ከላይ ጠቅሻለሁ። ድኻው ስላላዋጣ እንዳይቀበር ማድረግ ያንን ነገር ገልብጦ መያዝ ነው። ብዙ አጥቢያዎች አቅም የሌለውን በነፃ ይቀብራሉ፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ግን እርስዎም «ባይሰጡስ ምን ይደርስባቸዋል?» ብለው ባልጠየቁ ነበር።

ወደ ቁልቢ ልሂድ። ስለት ከአሥራትም ከመዋጮም የተለየ ነው። ሰው በጭንቅ ጊዜ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አቀርባለሁ» ብሎ በፈቃዱ የሚገባው ቃል ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በቁልቢ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ፤ በ1898 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ዣንጥላ፣ ወርቅ፣ ጧፍ፣ በሬና ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ በዓይነት የመጣው በጨረታ ተሸጦ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ልጅ ያገኙት ልጃቸውን አምጥተው ያስጠምቃሉ።

ስለት ዋጋ አይደለም ወይ ቢሉኝ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ለዋጋ የሚቀርበው እሱ ነውና። የአባቶች ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር የሚሰጠው ስለ ቸርነቱ ነው፤ ስለቱ ተቀባዩ ያቺን ቀን እንዳይረሳት የሚያስርበት ቃል ነው። የታመመ ልጁ ያልዳነለት ሰውም በታኅሣሥ ቁልቢ ይገኛል፤ እኔ አይቻቸዋለሁ። ከሻጭ ጋር የተጣላ ገዢ ቢሆኑ ኖሮ አይመለሱም ነበር።

አሁን ወደ እማማ ጉዳይ፣ ወደ ጡረታቸው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንዲት ድኻ መበለት ሁለት ሳንቲም በመዝገቡ ስትጥል ክርስቶስ አይቶ፣ ከሁሉም ይልቅ እሷ አብልጣ ጣለች አለ፤ ሌሎቹ ከትርፋቸው ሰጡ፣ እሷ የነበራትን ሁሉ። ይህ ታሪክ በእያንዳንዱ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጉባኤ ይነገራል። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን አብሮ ሲነበብ እምብዛም አልሰማም። እዚያ ክርስቶስ የሚያስጠነቅቀው ረጅም ልብስ ለብሰው መዞር ከሚወዱ፣ ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ከሚበሉ ጸሐፍት እንድንጠበቅ ነው፤ የባሰ ፍርድ ይቀበላሉ አለ። ወንጌላዊው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው እንዲያው አይደለም። የመበለቲቱ እምነት ይመሰገናል፤ ሳንቲሟን የሚቀበለው ሰው ደግሞ እንደሚጠየቅበት እያወቀ ይቀበል። የሰበካ ጉባኤ አባላት ሙዳየ ምጽዋት ሲከፍቱ ይህን ምዕራፍ ከላይ ጀምረው እንዲያነቡ ሁልጊዜ እመክራለሁ። ከዚያ ውስጥ ተጣጥፋ የምትወጣው አሥር ብር የማን እራት እንደነበረች አይታወቅምና።

መጽሐፉ ለሰጪውም ወሰን አበጅቷል። ክርስቶስ ለአባት ለእናታቸው ሊሰጡት የሚገባውን «ለመቅደስ የተሰጠ ነው» እያሉ ወላጆቻቸውን የሚያስርቡትን ወቅሷል። ጳውሎስም የቤተሰቡን ችግር የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ብሏል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 36 ደግሞ ለድንኳኑ ሥራ ሕዝቡ ከበቂ በላይ ሲያመጣ ሙሴ በሰፈሩ ሁሉ፣ ከእንግዲህ ማንም ስጦታ አያምጣ ብሎ አሳወጀ። «በቃ» የሚል የቤተ ክርስቲያን መሪ ለማየት እመኛለሁ። በድምፅ ማጉያ የሰጪ ስምና የብር መጠን እየጠሩ ምእመናንን ማፎካከር ግን ግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ካለው ጌታ ትምህርት ጋር አይሄድም፤ ትንሽ ያለውንም ሰው አንገት ያስደፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። «ይህን ያህል ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» እያሉ ከድኻ ኪስ የሚያወጡ፣ ለትንቢት፣ ለጸሎትና ለተቀባ ዘይት ሒሳብ የሚቀበሉ አሉ፤ በየትኛውም ቤተ እምነት ስም ይምጡ። ይህ ክርስትና አይደለም። ከጥንታውያን የክርስትና ጽሑፎች አንዱ፣ ነቢይ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። በየመንገዱ ዣንጥላና ሥዕል ዘርግተው፣ ወይም በስልክ የቴሌብር ቁጥር እየላኩ «ቤተ ክርስቲያን እናሠራለን» የሚሉትም ሁሉም እውነተኛ አይደሉም። እውነተኛው ከሀገረ ስብከት የተሰጠ ደብዳቤ ያሳያል፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የባንክ ሒሳቡም በደብሩ ስም እንጂ በግለሰብ ስም አይሆንም። እማማ ወደዚህ ዓይነቱ የሚልኩት ብር ካለ «ይተዉት» ማለት ነውር የለበትም፤ ጎረቤት ለዚህ ነው።

ለደብራቸው የሚሰጡትን ግን ይተዉ አይበሏቸው። ይልቅ ሻይ ጠጥታችሁ ስትጨዋወቱ፣ መድኃኒታቸውን በጊዜ ይገዙ እንደሆነ፣ የወሩ መጨረሻ እንዴት እንደሚያልፍላቸው ይጠይቋቸው። መዋጮው ከምግብ ወይም ከመድኃኒት ላይ የሚወጣ ከሆነ ከሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ቀርበው አቅማቸውን ማስረዳትና እንዲቀነስላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ እንዲያውም ከተረጂዎች መዝገብ የሚገቡበት መንገድ ካለ ያሳይዋቸዋል። ብዙ አረጋውያን ይህን የማያደርጉት አፍረው ነው።

የቁልቢው ስለት ከብዷቸው ከሆነም መፍትሔ አለው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ቁጥር 8 ተስሎ መክፈል ያቃተው ድኻ በካህኑ ፊት ይቁም፤ ካህኑም እንደ ተሳዩ አቅም ይገምትለት ይላል። እማማ የንስሐ አባት ይኖሯቸዋል፤ ለሳቸው ቢነግሯቸው ስለቱን ወደሚችሉት፣ ወደ ጧፍ ወይም ወደ ጸሎት ሊለውጡላቸው ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሕሊናቸው አይወቅሳቸውም። ቁልቢ ድረስ መሄድ ለጉልበታቸው ከከበደ በዚያው ድሬዳዋ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን እንዲያስገቡ ሊፈቅዱላቸውም ይችላሉ። የንስሐ አባታቸውን የሚያገኟቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ መንገዱ የሚከብዳቸው ከሆነ እስከ ቅጽሩ በር አብረዋቸው ቢሄዱ እርስዎን የሚከለክል የለም፤ ደውለው ቤታቸው እንዲመጡ ቢጠይቋቸውም ይመጣሉ።